ቀዩ ትራክተርህ እንዴት ይነሳ እንደነበር

ለሞገሴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ስል አፈርኩ። መልስ እንደማይመጣልኝ እያወቅኩ እንደምን ከረምክ ማለት የጅል ነገር መሰለኝ። ግን ሌላ አጀማመር አላውቅም። ስለዚህ እንደምን ከረምክ፣ ሞገሴ? አንተ ከተለየኸን ይሄ ሦስተኛው ሰኔ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ትርንጎም ደህና ናት። ደህና ናት ብዬ ስጽፍ ግን እፈራለሁ። የምጽፍልህም ይሄ ፍርሃት ለብቻዬ ስለከበደኝ ነው።

ዛሬ ጊዮርጊስ ነው። በሬውም ሰውም አርፎ ውሏል። ከግቢያችን ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ አንድ ትራክተር ቆሟል። ነገ ጠዋት ትርንጎ ትወጣበትና በዚያው አንተ በወረድክበት ቁልቁለት ትወርዳለች። በቅደም ተከተል ካልጻፍኩ ስለሚጠፋብኝ ታገሠኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮው ካብ አምና በዝናብ ተንዶ እኔና ትርንጎ መልሰን ካብነው። እንደ አንተ ቀጥ አላለም፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ግን ፍየል አያሳልፍም። ቡሬው በሬ አርጅቶ ተሸጠ። ኮትህን ለማንም አልሰጠሁም። ሰው የሙት ልብስ አይቀመጥም ቢለኝም አልሰማሁም። ትርንጎ ወልድያ ሄዳ የእርሻ መኪና መንዳት ተምራ መጣች። አልከለከልኳትም፣ አልፈቀድኩላትምም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ፈቃድ አድርጋ ወሰደችው፣ ያንተ ልጅ አይደለች።

ከሥልጠናው ያመጣችውን መጽሐፍ እኔም አነበብኩት። ፊደል የለየሁት ከናፍታ ጀሪካንህ ላይ ካለው ጽሑፍ እንደሆነ ታውቃለህ። «ወርቄ ዳዊቷን ትታ ጀሪካን ትደግማለች» እያልክ ስንት ቀን ሳቅክብኝ። አሁንም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው፣ ግን ያነበብኩት አይወጣም። መጽሐፉ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ሁለት አሮጌ ትራክተሮች የአንድ ዘመን ቢሆኑ እንኳ ዝም ብሎ ማወዳደር አይገባም ይላል። የቱ ስንት ሠራ፣ የቱ ስንት ተኛ፣ በማን እጅ ቆየ ብሎ መጠየቅ ነው ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ ትራክተሩን ትቼ ስለ ሰው አሰብኩ። በኋላ ግን ለትራክተሩም ሆነ።

የብልባላ ገበሬዎች በማኅበር አንድ ትራክተር ሊገዙ ተስማሙ። አዲስ የሚታሰብ አይደለም። ሁለት አሮጌ ተገኘ። አንዱ ቀይ ነው፣ ያንተው የቀዩ ወንድም። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዘመን የተሠሩ፣ ከቆላው የመንግሥት እርሻ አብረው የወጡ። ባለቤቱ ሰይድ ነው፣ ከአንተ ጋር መንዳት የተማረው የቆቦው ሰይድ። ሌላው ሰማያዊ ነው። ላሊበላ ላይ ሆቴል ያለው ሰውዬ ለአትክልቱ የገዛው ነበር፤ እንግዳ ሲቀንስበት አትክልቱንም ትራክተሩንም ተወው። ዕድሜው ከቀዩ ጋር እኩል ነው ይላሉ። ሰማያዊው ግን የተኛበት ጊዜ ይበዛል።

የሚነዳው ማን ነው ሲባል ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞረ። የሚገዛው የቱ ነው ሲባል ደግሞ ሁሉም ወደ አንተ ዞረ፣ ሞገሴ።

«የሞገስ ቀይ እኮ በአንድ ቁልፍ ነበር የሚነሳው» ይላል አንዱ። «ውርጭ መሬቱን ባነጣበት ጠዋት እንኳ እሱ ቀድሞን ሜዳ ላይ ይገኝ ነበር» ይላል ሌላው። «ሞገስ ትራክተር ሲያስገፋ ያየ ማን አለ?» ይባላል። ማንም የለም። ብልባላ ገበያ ሄጄ ጨው ስገዛ ሳይቀር ይሄንኑ ሰማሁ። ስምህ ሲነሳ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

ቀዩ በቁልፍ አይነሳም ነበር። ይሄን የምናውቀው አንተና እኔ ነን። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማስነሻ ሞተሪኖው ሞቶ፣ ቁልፉን ብታዞረው ድምፅ አልነበረውም። ማታ ስትመጣ ከቤታችን በላይ ካለው ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አዙረህ ታቆመዋለህ፤ ከጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ ታስገባለህ። ጎሕ ሲቀድ ድንጋዩን ታወጣለታለህ፣ ራሱ ይንከባለላል፣ በማርሽ እንዳለ ፍሪሲዮኑን ስትለቀው ይነሳል። ሰው የሚያየው ሜዳ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ትርንጎ እንኳ ላሊበላ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማር ስለነበር አታውቅም።

እኔ ከቤት ውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር። ድንጋዩ ሲወጣ ይሰማል። ጎማው ጠጠሩን ሲጨፈልቀው ይሰማል። ከዚያ ምንም አይሰማም። ያ ምንም የማይሰማበት ጊዜ ነበር የሚያስፈራኝ። ሊጥ እያቦካሁ ከሆነ እጄ ሊጡ ውስጥ ይቆማል። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ሲያስል ያኔ እተነፍሳለሁ። በየጠዋቱ እንዲህ ነበርኩ። አንድ ቀን ነግሬህ አላውቅም፤ ብነግርህ የሚያስነሳልህ ሌላ ነገር አልነበረንም።

የፈተናው ቀን ትናንት ሰኞ ነበር። ሰማያዊው ሐሙስ ማታ መጥቶ ሜዳው ላይ አደረ። ዓርብ ገብርኤል ዋለ። ቅዳሜና እሁድ ተከተሉት፣ እሁዱም ማርያም ነበር። የሚነካው አልነበረም። ሰይድ ግን እነዚያን ቀናት ሁሉ መንገድ ላይ ነበር፤ ከቆላ እየነዳ ወጥቶ ሰኞ ጠዋት ሞተሩ ሳይበርድ ደረሰ። እና ሕዝቡ ተሰብስቦ የቱ ፈጥኖ ይነሳል ብሎ መፈተን ጀመረ።

ቀዩ አጥፍተው ቢያስነሱት እሺ ብሎ ተነሳ። ሴቶች እልል አሉ። ሰማያዊው ቁልፉ ሲዞር ክርር ብሎ ዝም አለ። እንደገና ክርር። ከዚያ በኋላ ክርርም አላለ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ደሳለው ናቸው። ከሳቸው ቀድሞ የሚስቅ የለም። «ተዉት፣ ሦስት ቀን ማኅሌት ቆሞ ነው፣ ይረፍበት» አሉ።

ሰይድም አላጣውም። «አያ ደሳለው፣ የኔው እንደ ጌታው እስላም ነው። ገብርኤልን ከየት ያውቀዋል!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ግን መጽሐፉ ታወሰኝ። አንዱ ሲሠራ ሰንብቶ፣ አንዱ ተኝቶ ሰንብቶ፣ በአንድ ጠዋት ማነው ጎበዝ ይባላል? እኛ ላስታዎች ትራክተርን የምንፈትነው በበዓል ማግስት ነው፤ የወሩ ግማሽ በዓል ስለሆነ ሌላ ቀን የለንም። ሰማያዊው ባትሪው ደክሞ እንጂ ሞተሩ አልታመመም። ሰይድ ራሱ ከቀዩ ባትሪ በሽቦ ቀጥሎ አስነሳለት። ከተነሳ በኋላ ጭሱ የቀጠነ ነበር፣ ውሃም አልጠየቀም። ቀዩ እኩለ ቀን ሳይሆን ሁለቴ ውሃ ጠጣ። ማረሻውን ሲጎትት ግን ቀዩ ይበረታል፤ ድንጋያማው ጫፍ ላይ ሰማያዊው ሲያቃስት ቀዩ አፈሩን ገልብጦ አለፈ። የቀዩ መለዋወጫ ኮምቦልቻም ደሴም ይገኛል። የሰማያዊው አዲስ አበባ ተልኮ ነው፣ እሱም ከተገኘ። በእውነት ካወራን፣ አንዱን ከአንዱ ለይቶ ይሄ ይሻላል ለማለት ያስቸግራል። ሁለቱም ያረጁ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያሳፍሩበት ቀን አላቸው።

እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ለማየት ፈራሁ።

ጤፉን ዘርተን የጨረስን ሰሞን፣ ነይ ውጪ ብለህ ፓራፋንጎው፣ የጎማው ክዳን ላይ ያስቀመጥከኝን ቀን ታስታውሳለህ? ነጠላዬ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ወገቤ ላይ ጠምጥመህ አሰርክልኝ። መሬቱ ከላይ ሲታይ ጠበበብኝ። ከዚያ በእግርህ እያሳየህ አስረዳኸኝ። ፍሬኑ ሁለት መርገጫ አለው። ግራው የግራውን ጎማ ይይዛል፣ ቀኙ የቀኙን። ማሳ ውስጥ ሲሆን ይለያያሉ፤ አንዱን ብቻ ስትረግጠው ባለበት ይዞራል። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ሁለቱ በመቀርቀሪያ ይያያዛሉ፣ አለዚያ ቁልቁለት ላይ አንዱን ጎማ ብቻ ትይዝና ትራክተሩ ወደ ጎን ይጠመዘዛል። የቀዩ መቀርቀሪያ ተበልቶ ከወደቀ ቆይቶ ነበር። አንተ ከድሮው ቀንበር የተረፈውን ጠፍር አምጥተህ ሁለቱን መርገጫዎች በሱ ታስር ነበር። «ለበሬ የሆነ ለዚህ ያንሰዋል?» አልከኝ። ሳቅን። ወደ ቤት ስንመለስ ጆሮህን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩልህ፣ አቧራ ሞልቶት ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ አውድማው ላይ ጤፉን በትራክተር ስታስረግጥ ዋልክ። በዙሪያ ለመዞር ጠፍሩን ፈታኸው። ደመና ዞረ። ነገ ሚካኤል ነው፣ ከነገ ወዲያም እሁድ ነው፣ እህሉ ደጅ አይደር፣ ቶሎ በል ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተም ቶሎ አልክ። ተጎታቹን ጭነህ ቁልቁለቱን ስትወርድ ተገለበጠ። ለቀብር የመጣው ሰይድ ከወደቀው ቀይ ሥር ጠፍሩን አንሥቶ አመጣልኝ። አልተበጠሰም ነበር፣ ሞገሴ። እንደተፈታ ነበር። ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው አለ፤ ማንም ትራክተሩን ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ቶሎ በል ያለችህ ማን ነበረች የሚለው ይከተላል።

ስለዚህ ትናንት ሰው ስለ መለዋወጫ ሲከራከር እኔ ቀስ ብዬ ወደ ሰይድ ትራክተር ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱ መርገጫዎች በገመድ ታስረዋል። ወደ ሰማያዊው ሄድኩ። ዝጎ ቡናማ የሆነ መቀርቀሪያ አለ። በእጄ ሞከርኩት፤ ጠንካራ ነው። በድንጋይ መታ መታ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ገባ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያዘ። እዚያው ተቀመጥኩ።

አያ ደሳለው አዩኝ። «እቴ ወርቄ፣ ስለ ቀዩ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ነይና አንድ በይን፣ እንገላገል» አሉ።

የጠበቁት የቀዩን ምስጋና ነበር። እሱን ብናገር ይበቃ ነበር። በስብሰባ መናገር አልፈራም፣ ማኅበሩ ውስጥ ሴቶች ብዙ እናወራለን። የፈራሁት አንተን ነው። ከአንተ የቀረ ነገር ቢኖር ያ ወሬ ነው፣ በአንድ ቁልፍ የሚያስነሳው ሞገስ። በገዛ አፌ ላፈርሰው ነው። ዝም ብል ደግሞ ትርንጎ በገመድ የታሰረው ላይ ትወጣለች። ወደ እሷ ስመለከት የቀዩን መሪ ይዛ እንደ አንተ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር። ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«የሞገስ ቀይ በቁልፍ አይነሳም ነበር» አልኩ። ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጠፍሩ ነገርኳቸው። ጠፍሩ ተፈትቶ እንደተገኘም ተናገርኩ። ቶሎ በል ያልኩት እኔ ነኝ የሚለውንም ጨመርኩ፤ ካልጨመርኩት ጥፋቱ ሁሉ ያንተ ይመስል ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው «የሟች ገመና በሚስቱ ይወጣል?» ሲል ሰማሁት። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ አልነግርህም። አያ ደሳለው ዱላቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ሰይድ ኮፍያውን አወለቀ። ትራክተሩን ለመሸጥ የመጣ ሰው ነው፣ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። «እውነቷን ነው» አለ። «የኔም ሲሞቅ ነው በቁልፍ የሚነሳው። ሲበርድ ዳገት ነው የምፈልግለት። ቆላ ላይ ብርድ የለም፣ ይሄን የመሰለ ቁልቁለትም የለም፣ ገመዱ በቃኝ። ለዚህ አገር ግን አይሆንም። እኔ ለሞገስ ልጅ ገመድ አልሸጥም።»

«እንዲህ ከሆነማ ሌላ ምን አለ» አሉ አያ ደሳለው። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያንን ቁልቁለት በዚያ ዓይነት መኪና ነበር የሚወርደው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማያዊው ተገዛ። ሰይድ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ከመሄዱ በፊት ግን የሰማያዊውን መቀርቀሪያ በናፍታ አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ትርንጎን አሥሬ አስገብታ አሥሬ እንድታወጣው አደረጋት። «ማሳ ስትጨርሺ መጀመሪያ ይሄ፣ ከዚያ ስለ ሌላው ታስቢያለሽ፣ እሺ እቱ?» ሲላት ሰማሁ።

ወደ ቤት ስንመጣ ትርንጎ ቀድማኝ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ «እማ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለችኝ። አባትሽን እንዳለ ልተውልሽ ብዬ ነው አልኳት። «ሰማያዊውም ባትሪው ሲደክም ዳገት ላይ ማቆሜ አይቀርም፣ አውቃለሁ» አለች። ዳገት ላይ ከምታቆሚው ሳይታረስ ይዋል አልኳት። «ሰው ሁሉ ዘር ይዞ ሲጠብቀኝ?» አለች። በዓል ባለፈ ማግስት ሁሉም ገበሬ በአንድ ቀን ነይ ሲል፣ ደመና ሲዞር፣ ቶሎ በይ የሚላት አይጠፋም። ብረቱ ጥሩ ነው። ቶሎ በይ የሚለውን ሰው ግን ብረት አያስቆመውም። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ፣ ሞገሴ። ትክክለኛውን መረጥን እያልኩም ያስፈራኛል። አሮጌ ነገር ዛሬ ስለሠራ ነገ ይሠራል ማለት አይደለም። ነገ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ መቀርቀሪያው መግባቱን በዓይኔ ሳላይ አትወርድም። እንደ ሞኝ ይዩኝ።

ስምህን ስላነሳሁብህ ይቅር በለኝ አልልም። አንተም ለልጅህ ብለህ እንዲሁ ታደርግ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለሕዝቡ አልነገርኩም፤ ለአንተ ብቻ ነው። ሸሚዝህን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ቁልቁለቱን በወረድክ ቀን፣ በኅዳር ብርድ ሳይቀር፣ ጀርባው ርሶ ይመጣ ነበር። ሜዳ ላይ ስታርስ በዋልክበት ቀን ግን ደረቅ ነው። መጀመሪያ የድካም ላብ መሰለኝ፤ በኋላ ገባኝ። ትፈራ ነበር። ሁልጊዜ እየፈራህ ትወርድ ነበር፤ ማታ ግን እየሳቅህ ትገባ ነበር፣ እኔም ሸሚዙን ምንም እንዳላየ ሰው አጥቤ አሰጣው ነበር። አንድ ቀን ብጠይቅህ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?

ብልባላ የደፋሩን ሞገስ ታስታውስ፤ አልቀማትም። እኔ የማስታውሰው እየፈራ ለኛ ሲል የሚወርደውን ነው። እስክመጣልህ ድረስ እሱን ይዤ እኖራለሁ፣ ይሄ ቃሌ ነው። ነገ ማታ ትርንጎ ስትገባ ጀርባዋን በእጄ እዳስሳለሁ። ሸሚዟን ርሶ ካገኘሁት ዝም ብዬ አላጥበውም። እጠይቃታለሁ።

ያንተው ወርቄ